በጣና ዳር ድንኳን ስለ መትከል

የደብረ ማርቆስ ልጅ የሚያውቀው ውኃ የሚሮጥ ውኃ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ወደ ዓባይ ይገሰግሳሉ እንጂ ቆመው አይጠብቁትም። ስለዚህ በደንበጫ፥ በቡሬ፥ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር በደረሰ ጊዜ ጣናን አይቶ ይደነቃል። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የማዶው ዳርቻ ለዓይን አይታይም።

ቀድሞ የመኪና መንገድ ሳይወጣ መንገደኛ ይህን አገር በበቅሎና በእግር ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። ዛሬ ጉዞው አጭር ሆኗል፤ ከወዳጆች ጋር በውኃው ዳር ድንኳን ተክሎ የማደር ደስታ ግን አልቀረም። ማታ ነፋሱ ይበርዳል፤ ከደንገል የተሠራው ታንኳ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ይመለሳል፤ ሻላዎች ይሰበሰባሉ፤ የዘጌ ቡና በእሳቱ ላይ ይቆላል። የደከመ ሰው ከዚህ የተሻለ ማረፊያ አያገኝም።

ነገር ግን እንግዳ የቤቱን ባለቤቶች ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው ጉማሬ ነው። ቀን በውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ሳይነጋም ይመለሳል። ሥጋ አይበላም፤ ወደ ውኃው የሚመለስበትን መንገድ የዘጋበትን ሰው ግን አይምርም። ሣሩ ተረግጦ እንደ ጎዳና የተከፈተው ስፍራ ለድንኳን የተመቸ ይመስላል፤ እርሱ ግን የጉማሬ መንገድ ነው። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ስለሚያውቁት እነርሱን መጠየቅ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ባለቤት እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚገድለው ግን ከጉማሬ ይልቅ ብዙ ነው። አባቶች ንዳድ ወይም ወባ የሚመጣው ከቆላ አየር ነው ይሉ ነበር። ምክንያቱን ቢስቱም ቆላውን መፍራታቸው ትክክል ነበር። በ1889 ዓ.ም. ሮናልድ ሮስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በህንድ አገር የወባን ዘር በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ወባ ወደ ወይና ደጋው ወጥታ በኢትዮጵያ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለች ይገመታል። የምትበረታውም ዝናሙ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ይኸውም ሜዳው በአደይ አበባ አጊጦ ሰው ሁሉ መንገድ የሚያምረው ወራት ነው።

ስለዚህ አስተዋይ መንገደኞች ድንኳናቸውን ከደንገሉ ርቀው ነፋስ በሚነፍስበት ከፍታ ላይ ይተክላሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጅና እግራቸውን ይሸፍናሉ፤ አጎበር ዘርግተው ይተኛሉ። ቢልሃርዝያ የሚባለው ትል በቆዳ የሚገባ ስለ ሆነ ውኃው በማይንቀሳቀስበት ዳር አይዋኙም።

ወባ በተነደፉበት ቀን አትታይም፤ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ተሰውራ ትቆያለች። ደብረ ማርቆስ ተመልሶ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ቤተ ሰቦቹ ብርድ የመታው መስሏቸው ጋቢ ይደርቡለታል፤ እርሱም በጣና ዳር ማደሩን ካልተናገረ ሐኪሙ ደሙን ለመመርመር ይዘገያል።