ነጭ ወይስ ክሬም? ለሚከራይ ክፍል ቀለም ሲመረጥ

ክፍሉን ለኪራይ የሚያዘጋጅ ባለንብረት ቀለም መሸጫ ሱቅ ገብቶ ነጭና ክሬም ሲቀርብለት፣ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የናሙናውን ካርድ አይቶ ነው። ካርዱ የሚታየው ግን በሱቁ መብራት ነው። የሁለቱ ቀለሞች ዋጋ እምብዛም አይራራቅም፤ የሚያከስረው እንደገና ማስቀባት ነው። 4 በ4 ሜትር ስፋትና 2.80 ሜትር ቁመት ያለው ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ይኖረዋል። 1 ሊትር የፕላስቲክ ቀለም በለስላሳ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን፣ ለሁለት እጅ 8 ሊትር ይፈጃል። የቀቢው ሒሳብና ክፍሉ ባዶ የሚውልባቸው ቀናት ሳይታሰቡ ማለት ነው።

ምርጫውን በዋነኝነት የሚወስነው መስኮቱ የሚያይበት አቅጣጫ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚህም አብዛኛው ክረምት ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ቀዝቀዝ ያለ የሰማይ ብርሃን ያገኛል። እዚያ ነጩ ግራጫ መስሎ ይታያል፤ ክሬሙ ግን ክፍሉን ያሞቀዋል። ወደ ምዕራብ በሚያይ ክፍል ነገሩ ይገለበጣል። የማታው ፀሐይ ክሬሙን ይበልጥ ቢጫ ስለሚያደርገው ገና የተቀባው ግድግዳ ያረጀ ይመስላል።

አምፖሉም አይረሳ። ደላላ ተከራይ ይዞ የሚመጣው ከሥራ ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ክፍሉ የሚታየው በመብራት ነው። በማሸጊያው ላይ 6500 ኬልቪን የሚል አምፖል ክሬሙን ያደበዝዘዋል፤ 3000 የሚለው ደግሞ ነጩንም ክሬም ያስመስለዋል።

በመሆኑም ከሁለቱም በትንሹ ገዝቶ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሚሆን ካርቶን ላይ ሁለት እጅ መቀባትና ከደረቀ በኋላ ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ማየት ይበጃል። አሮጌው ቀለም ዓይን እንዳያታልል የካርቶኑ ጠርዝ ነጭ ሆኖ ቢተው ይመረጣል።

ለአከራይ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለ። ተከራይ ሲለቅ የሚስማሩ ቀዳዳና የዕቃው ጭረት ይቀራል። ከፋብሪካ እንደወጣ የተገዛ ነጭ በቦታው ላይ ብቻ ሊጠገን ይችላል፣ ግድግዳው ካልቆሸሸ። ሱቅ ውስጥ የተቀየጠ ክሬም ግን በሌላ ቀን ሲቀየጥ ልዩነቱ ስለሚታወቅ፣ ክሬም የመረጠ ሰው ከዚያው ቅይጥ አንድ ሊትር አትርፎ በደንብ ከድኖ ቢያስቀምጥ ሙሉውን ግድግዳ ከማስቀባት ይድናል።