ሲመሽ የሚደክም ጉልበት
ከማያስቴኒያ ግራቪስ ጋር የሚኖሩ አረጋውያንን ስለ መረዳትና ስለ መርዳት



በየቁምስናችን አረጋውያንንና ሕሙማንን በየቤታቸው መጎብኘት የቆየ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ የምንጎበኘውን ሰው ሕመም ሳናውቅ ብንሄድ፣ በጎ ፈቃዳችን የታሰበውን ያህል ሳይጠቅም ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ይጎዳል። በተለይም ሕመሙ እምብዛም የማይከሰት፣ ስሙም በአካባቢው ተሰምቶ የማያውቅ ሲሆን፣ ታማሚው ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንደኛው ሕመሙ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «እውነት ታሟል ወይ?» የሚል የጎረቤትና የዘመድ ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ከእነዚህ ሕመሞች አንዱን፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለውን መርጠን፣ አንድ አረጋዊ ከእርሱ ጋር ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ እኛም ምን ማድረግ እንደሚገባን እንመለከታለን።

1. ሕመሙ ምንድን ነው?

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት አንድ ሕመም እምብዛም እንደማይከሰት የሚቆጠረው ከ10,000 ሰዎች መካከል ከ5 በማይበልጡት ላይ ሲገኝ ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙ ከግሪክና ከላቲን ቃላት የተውጣጣ ሆኖ «ከባድ የጡንቻ ድካም» ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ብዙ ስትናገር አንደበቷ ስለሚደክምባት አንዲት ሴት ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ሜሪ ዎከር የተባለች ሐኪም አንድ መድኃኒት የታማሚዎቹን ጉልበት ለጊዜው እንደሚመልስ አሳየች፤ ዛሬ የሚሰጠው ፒሪዶስቲግሚን የተባለው ክኒንም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

የሕመሙ ጠባይ እንዲህ ነው። እጃችንን ለማንሳት ስንፈልግ ትእዛዙ በነርቭ በኩል ይወርዳል፤ ነርቩ ከጡንቻው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ ጡንቻውም በተቀባዮቹ አማካይነት ትእዛዙን ተቀብሎ ይሠራል። በዚህ ሕመም ግን ሰውነትን ከበሽታ ሊጠብቅ የሚገባው የመከላከያ ኃይል እነዚያኑ ተቀባዮች ያጠቃል። በዚህም ምክንያት ጡንቻው ሥራ ሲደጋገምበት ይዝላል፤ ሲያርፍ ደግሞ ጉልበቱ ይመለሳል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የማሰብ ችሎታንም አይቀንስም። በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ40 ዓመት በፊት፣ በወንዶች ላይ ደግሞ ከ60 ዓመት በኋላ ይጀምራል።

2. የአንድ ቀን ኑሮ

አንድ የሰባ ዓመት አረጋዊ እናስብ። ጠዋት ሲነሡ ዓይናቸው የተከፈተ፣ ድምፃቸውም የጠራ ነው። ፊታቸውን ታጥበው ልብሳቸውን ራሳቸው ይለብሳሉ። ወደ እኩለ ቀን ሲቃረብ የአንዱ ዓይናቸው ቆብ ይወርዳል፤ አንዱን ሰው ሁለት አድርገው ያያሉ፤ የደጁን ደረጃ ለመውረድም ግድግዳ መያዝ ያስፈልጋቸዋል። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ለቡና ሲመጣ ጨዋታውን በደስታ ይጀምራሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ድምፃቸው በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል፤ ቃላቸውም ይያያዛል። ፈገግ ለማለት ቢሞክሩ የፊታቸው ጡንቻ ስለማይታዘዝላቸው የተቆጡ ይመስላሉ። ማታ እራት ሲቀርብ ማኘኩ ያደክማቸዋል፤ ጉርሻውም ጉሮሯቸው ላይ ይቆማል።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ቀን በጉልበት ቁጠባ የሚመራ ነው። ዋናውን ምግብ ጉልበት ባለበት በጠዋት ወይም በቀትር መብላት፣ ከመብላት በፊት ማረፍ፣ ክኒኑንም ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ብዙውን ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መዋጥ ይረዳል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሳይናገሩ መብላት ከትንታ ያድናል። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ያስቸግራሉ፤ በወጥ የራሰ ፍትፍት ይሻላል። ሙቀት ድካሙን ስለሚያብስ መታጠቢያው ውኃ በጣም የሞቀ፣ መንገዱም በቀትር ፀሐይ ባይሆን ይመረጣል። «አባቴ፣ በርቱ፣ ትንሽ ይብሉልኝ» እያልን ማታ ማታ ጉርሻ ማብዛት ፍቅር ቢመስልም፣ ለእኚህ ሰው አደጋ አለው።

3. ልናርማቸው የሚገቡ አስተያየቶች

አንደኛ፣ «እርጅና ነው» የሚለው ነው። እርጅና ጉልበትን ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ ጠዋት ሰጥቶ ማታ አይነሣም። በአረጋውያን ላይ ይህ ሕመም ከእርጅና ወይም በአንጎል ውስጥ ከሚደርስ የደም ዝውውር መታወክ ጋር እየተምታታ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሚመላለስ ድካም ያየ ሰው አረጋዊውን ወደ ሐኪም ይውሰድ።

ሁለተኛ፣ «ሰክሯል» ወይም «ሰንፏል» የሚለው ነው። የተያያዘ ንግግርና የወረደ የዓይን ቆብ ስካር ያስመስላሉ። ዕድሜውን በክብር ያሳለፈ ሰው በመንገድ ላይ እንዲህ ሲባል ከቤት መውጣት ይተዋል።

ሦስተኛ፣ «ቡዳ በልቶት ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች መድኃኒቱን ያስጥላሉ። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተገኘ ስጦታ እንደ ሆነ ተምረናል። ስለዚህ የሚጸልይ ሰው መድኃኒቱንም ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

4. ሕይወትን የሚያድን ጥንቃቄ

ታማሚው ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ሲሳነው፣ ወይም በጀርባው መተኛት ሲከብደው፣ እስኪነጋ ሳንጠብቅ ወደ ሆስፒታል ልናደርሰው ይገባል። የመተንፈሻ ጡንቻዎች ደክመው ሊሆን ይችላልና።

አንዳንድ መድኃኒቶችም ሕመሙን ያብሳሉ። ከእነዚህ መካከል ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ እንዲሁም ለወባ የሚሰጡት ኩዊኒንና ክሎሮኩዊን ይገኛሉ። ወባ ባለባቸው ቆላማ አካባቢዎች ይህን ማወቅ እጅግ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሕመሙ ስም በወረቀት ተጽፎ ከታማሚው ኪስ አይለይ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄድም አስቀድሞ ይታይ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና ስሙን መናገር አያሳፍርም። በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒትም በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም አይገባም።

5. በቤተ ክርስቲያን ውስጥ

ብዙ አረጋውያን ጾም እንዳይፈርስባቸው ሲሉ የጠዋቱን ክኒን ይዘላሉ። መድኃኒት መዋጥ ከቅዱስ ቁርባን በፊት ያለውን ጾም አያፈርስም። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 919 አረጋውያን፣ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዳች ቢቀምሱም እንኳ ሊቆርቡ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። በቁጥር 925 ደግሞ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ በወይን መልክ ብቻ ማቁረብ እንደሚቻል ያመለክታል፤ ይህም ደረቅ ነገር መዋጥ ለተሳነው ታላቅ እፎይታ ነው። የግዕዝ ሥርዓት ምእመናን ስለ ራሳቸው ሥርዓት ቆሞሳቸውን ይጠይቁ።

የሕሙማን ቅባትም ለሚያጣጥር ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን በግልጽ አስተምሯል። ሕመሙ ሲጸና ሊደገምም ይችላል። ስለዚህ ካህን በመጠራቱ ቤተሰብ አይደንግጥ።

በቅዳሴ ጊዜ ለእነዚህ አረጋውያን በበሩ አጠገብ መቀመጫ ይዘጋጅላቸው፤ ሲቀመጡም ማንም በክፉ ዓይን አይመልከታቸው። ንባብ የሚወዱትን በጠዋቱ ቅዳሴ አጭሩን ምንባብ እንዲያነቡ እንጋብዛቸው። ስንጎበኛቸውም በጠዋት እንሂድ፤ ጥቂት እንቆይ፤ ድምፃቸው ሲደክም እኛ እናውራላቸው እንጂ «ምን አሉ?» እያልን ደጋግመን አንጠይቃቸው።

6. ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ) በቁምስናችን ከቅዳሴ የቀሩ አረጋውያን እነማን ናቸው? ለምን እንደቀሩ ጠይቀናቸዋልን?
ለ) ስለማናውቀው ሕመም ምን ብለን አውርተናል? ያ ወሬስ ታማሚው ጆሮ ቢደርስ ምን ያደርስበታል?
ሐ) በሌሊት አንድ ታማሚ ትንፋሽ ቢያጥረው በመንደራችን መኪና ያለው ማን ነው? የሚጠራውስ ማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በዚህ ሳምንት ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፎበት በታማሚው ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የድካማችን ተካፋይ የሆነው ጌታችን ለታማሚዎች ብርታትን፣ ለአስታማሚዎችም ትዕግሥትን ይስጥልን።