ከአጥር ሥር የተገኘው ቀለም

የመንዝን ባና የምናውቅ ሰዎች የበግ ጠጉር ተፈትሎና ተሸምኖ ምን እንደሚሆን አይጠፋንም። በምዕራብ ቱርክ መንደሮች የሚኖሩ ገበሬዎችም የበግ ጠጉር ይሸምናሉ። እነሱ የሚታወቁት በስጋጃ ነው።

ስጋጃውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ድሩን ይወጥሩና በየሁለቱ ድር ላይ ክር እየቋጠሩ ይቆርጣሉ። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ማግ አሳልፈው ይመቱታል። ትልቁ ስጋጃ ወራት ይፈጃል። ንድፉን ልጅቱ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ በዓይኗ ትይዘዋለች።

ቀለሙ ድሮ ከተክል ነበር። ጠጉሩ አስቀድሞ ቀለም በሚያስይዝ ማዕድን ይዘፈዘፋል። ቀዩ የሚወጣው ቱርኮች «የሥር ቀለም» ከሚሉት ተክል ነው። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ ከጠጉሩ ጋር ይጣዳል። እሳቱ ከበዛ ቀዩ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ስለዚህ ባለሙያዋ ከምድጃው አትርቅም። ሰማያዊው ደግሞ ያስገርማል። ኢንዲጎ ውስጥ የተነከረ ክር ሲወጣ ቢጫና አረንጓዴ ይመስላል፤ ነፋስ ሲያገኘው ዓይናችን እያየ ሰማያዊ ይሆናል። እሱኑ በቢጫ ቢደግሙት አረንጓዴ ይወጣል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ፣ የወባ መድኃኒት እሠራለሁ ብሎ ሲሞክር ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካዎች ቀለም ማምረት ጀመሩ። ቀለሙም በነጋዴ እጅ እስከ ቱርክ መንደሮች ደረሰ። ርካሽ ነው፤ ቁፋሮ የለ፣ ውቀጣ የለ። ሴቶቹ ቢወዱት አንፈርድባቸውም። ታዲያ ያን ጊዜ ከመጣው ቀለም ብዙው ፀሐይ ሲነካው የሚነጣ፣ ሲታጠብ የሚለቅ ሆነ። የባሰው ግን ሌላ ነው። አያቶች ሲሞቱ በብዙ መንደር የማቅለም ሙያው አብሮ ተቀበረ።

ሃራልድ ቦመር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ መምህር ከአሮጌ ስጋጃዎች ጥቂት ጥቂት ክር እየወሰደ መረመረ። የትኛው ቀለም ከየትኛው ተክል እንደወጣ ለየ። በ1981 አይቫጂክ በሚባል አውራጃ ላሉ መንደሮች ትምህርቱ ተሰጠ፤ ገበሬዎቹም የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በኋላ በዩንት ተራራ አካባቢ የተቋቋመው ማኅበር የሴቶች ነበር።

የቀዩ ቀለም ተክል እዚያው በየአጥሩ ሥር ይበቅል ነበር። እንደ አረም ይቆጠር የነበረው ሥር እንደገና ከድስት ገባ። መቋጠሩን ግን ማንም ሊያስተምራቸው አላስፈለገም፤ እሱን እናቶች አልረሱትም።