ቤት ከማደስ በፊት ሒሳብ

ልደታ የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት አሮጌ ሰፈር ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። በአዲስ አበባ ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሳይጠናቀቁ ስለ ተሰጡ፣ ወለሉና ቀለሙ የባለቤቱ ዕዳ ሆኗል። ወላጆቻችን በዕቁብ ያጠራቀሙት ገንዘብ በከንቱ እንዳይባክን ሥራውን በሦስት ከፍለን እንመልከት።

አንደኛ፤ የማይነካውን መለየት። የሕንፃውን ሸክም የሚይዘው የአርማታው ዓምድ ነው፤ የብሎኬቱ ግድግዳ ክፍል ከክፍል ይለያል። ዓምድ የሚቦረቡር ሰው የጎረቤቱንም ቤት ይነካል፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል የሁሉም ባለቤቶች ያደርገዋል።

ሁለተኛ፤ ቅደም ተከተል። ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ይቀድማሉ፤ ልስን ይከተላል፤ ከዚያም ሴራሚክ፣ በመጨረሻም ቀለም። ይህ ከተገለበጠ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ሦስተኛ፤ ሒሳብ። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ክፍል 20 ካሬ ሜትር ነው፤ ለቁርጥራጭና ለስብራት አንድ ዐሥረኛ ጨምረን 22 እንገዛለን። የዕቃው፣ የሠራተኛውና የማጓጓዣው ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ፤ ሲሚንቶ አራተኛ ፎቅ ማውጣትም ገንዘብ ይጠይቃልና። ከጠቅላላውም አንድ ዐሥረኛ ላልታሰበ ወጪ ይቀመጥ።

ገንዘቡ ካልበቃ ቀለሙን ለከርሞ እናቆየው እንጂ ቧንቧውን አንለፈው። ግድግዳ ያለ ቀለም ይከርማል፤ የሚያፈስ ቧንቧ ግን ከታች ያለውን ጎረቤት ሳይቀር ያስለቅሳል።