አዲስ መኪና ፍሬኑ ለምን ይጮሃል?

የድሬዳዋው ከዚራ የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማዋ ዘንድ ከደረሰ በኋላ በዕቅድ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉና በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ናቸው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ካለው ከመጋላ ግርግር ጋር ሲነጻጸር ጸጥታ ስላለው፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ፍሬን የሚይዝ መኪና ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል። ጩኸቱ ከአሮጌ ታክሲ ቢመጣ የሚደነቅ የለም። ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ከተነዳ መኪና ሲመጣ ግን ነገሩ የገበያ ጉዳይ ይሆናል። ገዢ ዋጋ ይሰብራል፣ ደላላ መከራከሪያ ያገኛል፣ ባለንብረቱም ደንግጦ ደህናውን የፍሬን ሸራ አስወልቆ ምንነቱ ያልታወቀ ሸራ ያስገጥማል። ትልቁ ኪሳራ የሚመጣውም ከዚህ የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

የፊት ፍሬን አሠራር ቀላል ነው። ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ሁለት ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል። የማሲንቆ ደጋን ጭራውን ይዞ እየለቀቀ ድምፅ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ሸራውም ዲስኩን ይዞ እየለቀቀ ሲንቀጠቀጥ ይጮሃል። ንዝረቱ በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሲሆን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይሆናል። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ከኋላው ይልቅ የፊቱ ፍሬን አብዛኛውን ሸክም ይሸከማል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ጩኸት ብቻውን ፍሬኑ አይዝም ማለት አይደለም፤ ጸጥታም ፍሬኑ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ዋናው ጥያቄ ድምፁ መቼና እንዴት ይሰማል የሚለው ነው።

አራቱ የድምፅ ዓይነቶች

አንደኛ፣ ጠዋት ብቻ ተሰምቶ ከጥቂት ፍሬን በኋላ የሚጠፋ ድምፅ ነው። በዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ስለሆነ አያሳስብም። በጅቡቲ ወደብ ጨዋማ አየር ውስጥ ለሳምንታት ቆመው የሚመጡ መኪኖች ይህ ይታይባቸዋል። ዝገቱ ጠልቆ ዲስኩን ከቦረቦረ ግን በፍሬን ብቻ አይለቅም።

ሁለተኛ፣ ፔዳሉ ለስለስ ተደርጎ ሲረገጥ የሚሰማ፣ ጠንከር ሲል የሚጠፋ ፉጨት ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በሸራውና በዲስኩ መካከል የገባ አቧራና አሸዋ፣ ከሙቀት የተነሣ ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀረቀ ሸራ፣ ወይም በተፈጥሮው ደረቅ የሆነ የብረት ቅልቅል የበዛበት ሸራ ነው።

ሦስተኛ፣ ፍሬን ሳይያዝ እየተነዳ የሚሰማ ድምፅ ነው። በብዙ ሸራዎች ላይ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ሸራው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ዲስኩን እየነካች ታስጠነቅቃለች። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ሸራው አልመለስ ሲልም ተመሳሳይ ድምፅ ይወጣል።

አራተኛው የመፋቅና የመፍጨት ድምፅ ነው። ብረት ከብረት ተገናኝቷል ማለት ስለሆነ መኪናው ሳይጠገን መነዳት የለበትም።

ሦስተኛው ዓይነት ለመኪና ነጋዴ ትልቅ ትርጉም አለው። የአዲስ ሸራ ውፍረት በአብዛኛው 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቆጣሪው 8,000 ኪሎ ሜትር እያሳየ ሸራው ካለቀ ወይ ካሊፐሩ ተጣብቋል፣ ወይ መኪናው ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲመላለስ ከርሟል፣ አለዚያም ቆጣሪው ተነክቷል። ስለዚህ ገዢ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ጎማ አስወልቆ የሸራውን ውፍረትና የዲስኩን ጠርዝ ማየቱ ከብዙ ክርክር ያድነዋል።

የደንገጎ ቁልቁለት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ የሐረማያ ደጋ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን 800 ሜትር በደንገጎ በኩል ሲወርድ ሊወገድ የሚገባው ኃይል ከ45 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። አሽከርካሪው ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገ ሙቀቱ በአብዛኛው በሸራና በዲስክ ላይ ያርፋል። ሸራው ያብረቀርቃል፣ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ስለዚህ ከቁልቁለት በኋላ የጀመረ ጩኸት የመኪናው ሳይሆን የአነዳዱ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

መኪናው ዋስትና ካለው ሌላ ጋራዥ ሳይነካው ለሻጩ ማሳወቅ ይቀድማል። ዋስትና ከሌለው ሥራው በቅደም ተከተል ይሄዳል።

መጀመሪያ ጎማው ተፈትቶ ዲስኩና ሸራው ለፍሬን በተሠራ ማጽጃ ይጸዳሉ። አቧራውን በኮምፕረሰር መንፋት ለሠራተኛው ሳንባ አደገኛ ነው፤ በነዳጅ ማጠብም ቅባት ትቶ ሸራውን ያበላሻል። ቀጥሎ የካሊፐሩ ፒኖች ሙቀት በሚችል የፍሬን ግሪስ ይቀባሉ። ከሸራው ጀርባ ያለችው ስስ ቆርቆሮ መኖሯም ይረጋገጣል፤ ንዝረትን የምታፍነው እርሷ ነች። በሸራው ፊት ላይ ግን አንዲት ጠብታ ቅባት ማረፍ የለባትም።

ከዚያ ሸራው ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ ይደረጋል። ጭር ባለ መንገድ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ ወደ 10 ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ፣ ይህንንም በመካከሉ እያበረዱ አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም ነው። ዲስኩ ተቦርቡሮ ወይም ተጣሞ ሲገኝ ብቻ ወደ ቶርኖ ቤት ይላካል። ተልጎ የሚቀረው ውፍረት በዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ማነስ የለበትም።

ሸራ መግዛት ግድ ከሆነ ሁለቱም የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ይቀየራሉ። ካርቶን ብቻ ሳይሆን በሸራው ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥርና የማጣበቂያው ጥራት ይታያል። ርካሹ ሸራ ጩኸቱን አጥፍቶ የመያዝ ኃይሉንም አብሮ ሊያጠፋ ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። በእነዚህ መኪኖች ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚቀንሰው ሞተሩ ራሱ ኃይሉን ወደ ባትሪ እየመለሰ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ሥራ እየፈታ ይዝጋል፤ ሞተሩም ድምፅ ስለሌለው ትንሹ ፉጨት ጎልቶ ይሰማል። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ደህና ቦታ መርጦ ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ መርገጥ ነው።

በጠቅላላው፣ የሚጮህ ፍሬን ያለው አዲስ መኪና የግድ የተበላሸ መኪና አይደለም። ሻጭ አስመርምሮና አስጸድቶ ቢያቀርበው ዋጋውን ይጠብቃል፤ ገዢም ጎማ አስወልቆ ቢያይ ለጽዳት የሚበቃውን ከእውነተኛው ብልሽት ለይቶ ይደራደራል።