የባሕር መንገደኛና የይለፍ ሰነዱ

ትምህርት ዘጠኝ

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

1. «ይለፍ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ምን ይታሰባችኋል?
2. አንድ ሰው በማያውቁት ሰዎች መካከል ሲገኝ ማንነቱን በምን ያስረዳል?

ለ. ምንባብ

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሸቀጥ ጭኖ የሚጓዝ ነጋዴ በየኬላው ቆሞ ይመረመር ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳም ወደ አገር ለመግባትም ሆነ ለመውጣት የንጉሡን ወይም የአካባቢውን ገዢ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። «ይለፍ» የሚለው ቃል ይህን የመሰለውን ፈቃድ ያመለክታል። ፓስፖርት የተባለውም ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ወደብን ወይም በርን ማለፍ የሚል ሐሳብ አለው። ሁለቱ ቃላት በትውልድ ቢራራቁም በፍች ይገናኛሉ። ፓስፖርት በየአገሩ ተመሳሳይ የደብተር መልክ መያዝ የጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በመንግሥታት ማኅበር አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1920 በፓሪስ ከተደረገው ጉባኤ ወዲህ ነው።

የዚህን ሰነድ ጥቅም ለመረዳት የጅቡቲን ከተማ መመልከት ይበቃል። ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ያገኘች አገር ስትሆን፣ ዋና ከተማዋ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዋነኛ በር ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገደኛ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ተጉዞ፣ ደወሌ ላይ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ይደርሳል። ከከተማው ወደብ ደግሞ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ እያቋረጡ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ የሚመላለሱ ማሻገሪያ ጀልባዎች አሉ። ይህ ጉዞ በአንድ አገር ውስጥ የሚደረግ ስለሆነ ድንበር አያሻግርም። ቢሆንም የውጭ አገር ሰው በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያስረዳው ፓስፖርቱ ስለሆነ ከእጁ ሊለየው አይገባም። ከኦቦክ በስተ ሰሜን ያለው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ግን ከየመን የሚያዋስን ነው። ስፋቱ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ያን ውሃ መሻገር ከአገር ወደ አገር መሄድ ነው።

በማናቸውም ወደብ ድንበር የሚያሻግር መርከብ ላይ የሚሳፈር ሰው ሰነዱ ሁለት ጊዜ ይታያል። በመጀመሪያ የመርከቡ ኩባንያ ሠራተኛ ያየዋል፤ ምክንያቱም ያለ በቂ ሰነድ የሄደውን መንገደኛ የደረሰበት አገር አላስገባም ቢል፣ የመመለሱ ኃላፊነት ብዙውን ጊዜ በኩባንያው ላይ ስለሚወድቅ ነው። ቀጥሎ የኢሚግሬሽን ሹም ይመረምረዋል። ሹሙ የሚመለከታቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦ ፓስፖርቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን፣ ብዙ አገሮችም ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ እንዲቀረው ስለሚጠይቁ የቀረውን ጊዜ፤ ቪዛ የሚያስፈልግ ከሆነ መኖሩን፤ በቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር መስማማቱን፤ እንዲሁም በሽታው ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ መንገደኞች የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት መያዙን ነው።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያውያን በተለይ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ስም የለንም፤ ከራሳችን ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባትና የአያት ስም ነው። ስማችን ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥም «ጸ»ን አንዱ ጸሐፊ በ«ቲኤስ»፣ ሌላው በ«ቲዜድ» ሊጽፈው ይችላል። ለጆሯችን አንድ የሆነው ስም ለመመርመሪያው መሣሪያ ሁለት ሰው ይሆናል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጥር 1 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 9 ቀን 1998 ነው። ዓመቱን ብቻ ለውጦ ቀኑን እንዳለ የጻፈ ሰው፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ አንድ ዕድሜ፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዕድሜ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደተባለው፣ ስሕተቱን በወደብ ሳይሆን ሰነዱ በሚሰጥበት ቀን፣ እዚያው መስኮት ፊት ቆሞ አንብቦ ማስታረም ይገባል።

በባዕድ አገር ፓስፖርት የጠፋበት ሰው በቅድሚያ ለፖሊስ ማመልከት፣ ቀጥሎም ወደ አገሩ ኤምባሲ መሄድ አለበት። ኤምባሲውም ዜግነቱን አረጋግጦ ወደ አገሩ የሚመለስበት ሊሴ ፓሴ ሊሰጠው ይችላል። ፓስፖርቱን ለደላላ ያስረከበ ሰው ግን መብቱን በሌላ ሰው ኪስ እንዳኖረ ይቈጠራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ያለ አንዳች ሰነድ ከኦቦክ ጠረፍ በሌሊት የሚሳፈሩት ወጣቶች ዕጣ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በዚያው ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ደግሞ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ በደረሱ ሁለት አደጋዎች እንደገና ከ50 የሚበልጡ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሕጋዊ መርከብ የሚሳፈር መንገደኛ ስሙ በዝርዝር ላይ ይሰፍራል፤ አደጋ ቢደርስ ማን እንደተረፈና ማን እንዳልተረፈ ከዚያ ይታወቃል። በእነዚህ ጀልባዎች ግን ስም የሚመዘግብ የለም። እናት ልጇ መሞቱን ሳትሰማ ዓመታት ትጠብቃለች፤ የባሕር ዳር መቃብሩም ያለ ስም ይቀራል። ባብ ኤል መንደብ በዐረብኛ «የእንባ በር» ማለት ነው።

እንግዲህ የይለፍ ሰነድ ባለሥልጣን ለመቈጣጠር ብቻ ያወጣው ወረቀት አይደለም። ሰው በባዕድ ወደብ ሲቆም ስሙን፣ አገሩንና የሚጠይቅለት ወገን ያለው መሆኑን የሚመሰክርለት ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ኬላ — ቀረጥ የሚከፈልበትና መንገደኛ የሚመረመርበት በር
ወሽመጥ — ሁለት ባሕሮችን የሚያገናኝ ጠባብ ውሃ
ጠረፍ — የአገር ዳርቻ
ማስታረም — ስሕተትን እንዲስተካከል ማድረግ

መ. በምንባቡ መሠረት መልስ ስጡ

1. «ይለፍ» እና «ፓስፖርት» በፍች የሚገናኙት እንዴት ነው?
2. የመርከብ ኩባንያ የመንገደኛን ሰነድ የሚመረምረው ለምንድን ነው?
3. ከጅቡቲ ወደ ታጁራ መሻገርና ወደ የመን መሻገር በምን ይለያያሉ?
4. «መብቱን በሌላ ሰው ኪስ እንዳኖረ ይቈጠራል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አባባል አብራሩ።

ሠ. የጽሑፍ መልመጃ

የልደት ቀናችሁን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጻፉ። ከዚያም ለሥራ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ላሰበ ወንድም ወይም እኅት፣ ከመነሣቱ በፊት ሊያሟላቸው የሚገቡትን ነገሮች የሚገልጽ የአንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጁ።