ስለ ሙዚቃ ሸክላ አሰባሰብና አጠባበቅ

ከእኛ ተማሪዎች መካከል በልጅነቱ ቆርኪ፥ ቴምብር ወይም የእግር ኳስ ተጫዋቾች ፎቶግራፍ ያልሰበሰበ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላወሳ የፈለግሁት በአንዳንድ ወላጆቻችን ቤት በአልጋ ሥር አቧራ ለብሶ ስለሚገኘው ስለ ሙዚቃ ሸክላ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ከእጅ ሲወድቁ እንደ ጀበና እንክትክት ይሉ ስለ ነበር ስሙ በሚገባ ይስማማቸዋል። የተሠሩትም ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከደቀቀ ድንጋይ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በበርሊን ከተማ ድምፃቸውን ያስቀረጹት በዚህ ዓይነቱ ሸክላ ላይ ነው። ኋላ ከፕላስቲክ የሚሠራው፥ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በ1949 በአሜሪካ ወጣ። ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በአንድ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዘፈን ይይዛል። በቤታችን የሚገኘው አብዛኛው ይኸኛው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። በአንድ የሸክላ ገጽ ላይ ስንት መስመር አለ? መቶ የሚል አለ፥ ሺህ የሚል አለ፤ መልሱ ግን አንድ ነው። መስመሩ ከጠርዝ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ እስከ መካከሉ ይደርሳል። ድምፁም በመስመሩ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ መርፌዋ በውስጡ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፥ መንቀጥቀጧም ወደ ድምፅ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ጭረት መስመሩን ሲያቋርጥ መርፌዋ በዞረች ቁጥር ታገኘዋለች፤ ሸክላው «ቀጭ፥ ቀጭ» የሚለው ለዚህ ነው።

በአገራችን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ድንጋጌውን አልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። (የሦስቱም አባት ስም እሸቴ መሆኑ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም።) አምሃ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አሳተመ፤ አሊ አብደላ ካይፋም ተከተለው። ከአብዮቱ በኋላ አምሃ ከአገር ወጣ፤ ካሴት ሲስፋፋም የሸክላ ኅትመት ቀረ።

ሸክላዎቹን እኛ በረሳናቸው ጊዜ ሌላው አስታወሳቸው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ዘፈኖቹን በፓሪስ በተከታታይ አወጣ። በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰማ። ከዚህም በኋላ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዋናውን ሸክላ ፍለጋ ተነሡ።

ፍላጎቱ እኛም ቤት ደረሰ። ሰበታ በሚገኘው በአያቴ ቤት አያቴ ወንዱ ትተዋቸው ያለፉ 27 ሸክላዎች አሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ገዢ መጥቶ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዞረ አያቸው። ጭረት የሌለባቸውንና ሽፋናቸው ንጹሕ የሆነውን ወደ ቀኝ፥ የቀረውን ወደ ግራ አደረገ። በግራ በኩል ከወደቁት በብዙዎቹ ሽፋን ላይ አያቴ በእስክሪብቶ የጻፉት ነበረበት፤ የተገዛበት ቀን፥ የገዛው ሰው ስም፥ በአንደኛውም ላይ «ለሠርጋችን» የሚል ቃል።

«እማማ፥ ጽሑፍ ያለበት ዋጋው ይወርዳል» አላቸው።

አያቴም «ልጄ፥ ለእኔስ ያለ ጽሑፍ ያለው ነው የወረደው» ብለው መለሱለት።

እኔ በበኩሌ ገዢውን አልወቅሰውም፤ ሥራው ነው። ብዙ ሸክላ ከእሳትና ከአይጥ የተረፈውም እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች ስለ ፈለጉት ይሆናል። ነገር ግን ዘፈኑ በፓሪስ እንደ ገና ሊታተም ይችላል፤ በእስክሪብቶ የተጻፈውን ግን የሚያትምልን የለም። በሸክላው ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የዘፋኙ ስምና የኅትመቱ ቁጥር ነው። ማን እንደ ገዛው፥ በማን ሠርግ እንደ ተጨፈረበት ከቤተ ሰቡ በቀር የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ በቤቱ ሸክላ ያለው ተማሪ ከመሸጡም ሆነ ከመስጠቱ በፊት ደብተር ይያዝ። በመካከሉ ካለው ወረቀት ላይ የዘፋኙን ስም፥ የዘፈኑን ርእስና ቁጥሩን ይገልብጥ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን እየጠየቀ ይጻፍ። ሸክላውን ጠርዙንና መካከሉን ይዞ ያንሣው፤ ጣት ያረፈበት ቦታ ቅባቱ አቧራ ይይዛል። እንደ መጽሐፍ ይቁም እንጂ እንደ እንጀራ አይደራረብ። ፀሐይ ያጣምመዋል፤ በእኛ አገር ክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሽፋኑን ያሻግተዋልና ከግድግዳ ይራቅ።

እኔና አያቴ ሥራውን በሦስት ቅዳሜ ጨረስን። አንደኛው ሸክላ ወረቀቱ ተልጦ ስም አልነበረውም። ከጎረቤት በተዋስነው ፒካፕ ላይ ብናስቀምጠው፥ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት አያቴ በከበሮው ብቻ ለይተው ርእሱን ነገሩኝ፤ አያቴ ወንዱም ከየትኛው ሱቅ፥ ደመወዝ በተቀበሉ ማግስት እንደ ገዙት ጨመሩልኝ። በደብተሩ ላይ በ19ኛው ተራ ቁጥር ተጽፏል። ገዢው ዳግመኛ ሲመጣ እጥፍ የነበሩንን ሁለቱን ብቻ ሸጡለት።